ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጠራው ድምፅህ

ብሩኬ፣ የእናቴ ልጅ፤

ደብዳቤ በጻፍኩ ቁጥር “ለጤናህ እንደምን ነህ” ብዬ መጀመር ለምዶብኝ፣ እጄ ሊጽፈው ሲል ያዝኩት። ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሊሞላ ነው። ሰው ለሞተ ወንድሙ ደብዳቤ ይጽፋል ወይ ብለህ እንዳትስቅብኝ፤ የሞተ ሰውስ ስልክ ያነሳል ወይ? አንተ እኮ እያነሳህ ነው። እኔ አልማዝ፣ ጀርባዬ ላይ አዝዬ ያሳደግሁህ እህትህ፣ አንድ ነገር ልለምንህ ተቀምጫለሁ። ልመናዬን ግን ነገሩን ከሥሩ ሳልነግርህ አላወጣውም። ሁልጊዜ መሃል ላይ ታቋርጠኛለህ፣ ዛሬ እንኳን አስጨርሰኝ።

ላስ ቬጋስ ዊንቸስተር ሰፈር ያለችው አፓርታማችን እንዳለች ናት። ጎረቤታችን ያቺ ሜክሲኳዊት ኪራይ ይረክሳል ብላ ወደ ኖርዝ ላስ ቬጋስ ሄደች፤ በእሷ ቦታ የገባው ሰውዬ ሰላምታም አያውቅ። ከመንገዱ ማዶ የነበረውን አሮጌ ሆቴል በድማሚት አፈረሱት። ሕዝቡ እንደ ሠርግ ወንበር ይዞ ሊያይ ወጣ፤ እኔ መስኮቴን ዘግቼ ተቀመጥኩ፣ አቧራው ግን በበሩ ሥር ገብቶ ድስቶቼን ሁሉ አለበሳቸው። እኔ አሁንም ያው የምሠራበት ሆቴል ዩኒፎርም ማደያ ክፍል ነኝ። ሺፍቴ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ቤት እውላለሁ። ልብስህን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ፣ አልጋህን አነጠፍኩ፣ የክፍልህን በር ዘጋሁት። ማሽኗን ግን አልነካኋትም።

የትኛዋን ማሽን እንደምል ታውቃለህ። ለማኅበራችሁ ብለህ ያስገባኸው ሁለተኛው ስልክ ላይ ያለችውን፣ ሰው ሳያነሳ ሲቀር የተቀዳ ድምፅ የምታሰማውን መልስ ሰጪ ነው፣ ካሴት የሌላት፣ ድምፁን ሆዷ ውስጥ የምትይዘውን። ሰኞ ሰኞ ጠዋት በርህን ዘግተህ፣ ጉሮሮህን ጠርገህ፣ የሚመጣውን ሳምንት ዝግጅት በእንግሊዝኛ ትቀዳባት ነበር። ማክሰኞ የታመሙትና አስታማሚዎቻቸው የሚገናኙበት ስብሰባ፣ ሐሙስ ቦውሊንግ፣ እሑድ የሴቶቹ ቮሊቦል። ከሁሉ በላይ የምትወደው ደግሞ የቅዳሜውን ሽርሽር ነበር፤ ፓርኩ ውስጥ፣ ኩሬው አጠገብ ካለው ትልቅ ጥድ ሥር፣ እያንዳንዱ የሚበላ ነገር ይዞ የሚመጣበትን። በዚህ ከተማና በዙሪያው ያለው ጌይና ሌዝቢያን ሁሉ የት እንደሚገናኝ ለማወቅ ያንን ቁጥር ይደውላል። ቃሉን አንተ እንደምትለው ነው የጻፍኩት፤ በእኛ ቋንቋ ያለው ስድብ ነው፣ አፌ ላይ አላስገባውም። መጨረሻ ላይ፣ ቢጫ ኮፍያ ያደረገው ሰው እኔ ነኝ፣ አትፈሩ፣ መጥታችሁ ሰላም በሉኝ ትልና፣ በአማርኛ “ኑ፣ እጠብቃችኋለሁ” ብለህ ትዘጋዋለህ። ምነው በአማርኛ ብልህ፣ ከሐበሻው መሃል ተደብቆ የሚደውል አንድ እንኳ ቢኖርስ አልከኝ። አብደሃል አልኩህ፤ አንተ ሳቅህብኝ።

ጉዱ የመጣው በለቅሶህ ሁለተኛ ቀን ነው። ሶፋውን አውጥተን ፍራሽ አንጥፈናል፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ግድግዳውን ይዞ ተቀምጧል። የገደለህ ኤድስ መሆኑን ከእኔና ከጓደኞችህ በቀር ያወቀ የለም፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ሳንባ ነው ብያለሁ። እማማ ጥሩነሽ፣ የከተማውን ሐበሻ ለቅሶ ሁሉ የሚመሩት ትልቅ ሴት፣ ጨዋነትህን እያነሱ ሲያስለቅሱን ከተዘጋው ክፍልህ ስልክ ጮኸ። ማንም አልተነሳም። ከዚያ አንተ ተናገርክ። ያ ደስ ደስ ያለው ድምፅህ በሩን አልፎ መጣ፤ ቦውሊንግ፣ ቮሊቦል፣ ሽርሽር፣ ቢጫ ኮፍያ። ለካ ድምፁን ከፍ አድርገህ ትተኸው ኖሮ፣ እኔም ዝቅ ላድርገው ብዬ አላሰብኩም። ሰዉ እንባው ጉንጩ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። እንግሊዝኛው አለቀና ረጋ ብለህ “ኑ፣ እጠብቃችኋለሁ” አልካቸው።

እማማ ጥሩነሽ አማትበው ተነሱ፣ ነጠላቸውን በእጃቸው እንደያዙ ወጡ። ጫማቸውን ልጃቸው በማግሥቱ መጥታ ነው የወሰደችላቸው። ከዚያ ወዲያ ለለቅሶህ የመጣ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። የአርባ ተዝካርህም ሰው አጥቶ ቀረ፤ እንደነገሩ ቄሱ ጸሎት አድርሰው አበቃ። የፈሩት የሙቱን ድምፅ ይሁን የተጠሩበትን ቦታ፣ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። አንዱ ብቻ በሩ ላይ ጠጋ ብሎ ክፍሉ ጠበል ይረጭ አለኝ። የወንድሜ ድምፅ ጠበል አያሻውም ብዬ በሩን ዘጋሁበት። እልኸኛነቴን ታውቀው የለ።

ፈርቼ ግን ነበር ብሩኬ፣ አልዋሽህም።

ማሽኗን ያልነካኋት ሌላ ድምፅህን የያዘ ነገር ስለሌለኝ ነው። አዲስ ከተቀዳባት የበፊቱን ታጠፋለች። ሬይ፣ ያ በበሽታህ ጊዜ ከአጠገብህ ያልጠፋው ረጅም ሽማግሌ ጓደኛህ፣ ማኅበሩ ልኮት ስልኩ ያለው አንቺ ቤት ነውና አዲሱን ዝግጅት ቅጂልን ብሎ ለመነኝ። ነገ አልኩት፣ ደግሞ ነገ አልኩት። በመካከሉ ቴፔን አምጥቼ፣ ማሽኗ አፍ ላይ ደግኜ ልገለብጥህ ሞከርኩ። መልሼ ስሰማው የፍሪጁ ድምፅ አለ፣ ከላይ ቤት የሚወርደው ውኃ አለ፣ የእኔ ማልቀስ አለ። አንተ የለህም። እንደገና ቀዳሁ፣ ያው ነው። ቴፑ ተበላሽቶ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ያው ቴፕ የኪዳኑን ጸሎት ግን አሳምሮ ይዞልኛል።

ያ መልእክትህ ደግሞ አያረጅም። ቀን አልጠራህበትም፣ በሚመጣው ቅዳሜ ነው ያልከው፤ ቅዳሜ ደግሞ ሁልጊዜ ይመጣል። ጠዋት ሽንኩርት ስከትፍ ስልኩ ይጮኻል፣ አንተ ታነሳለህ፣ ትጋብዛቸዋለህ። ከፊሎቹ ይዘጋሉ። ከፊሎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እመጣለሁ፣ አመሰግናለሁ ይሉሃል። እኔም እየለመድኩህ መጣሁ፤ አንዳንዴ ከኩሽና ሆኜ፣ ቀስ በል እንጂ፣ ሰዉ እንዲገባው አድርገህ ተናገር እልሃለሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ደዋዮች የተዉትን መልእክት ልሰማ ማሽኗን ብከፍት በአማርኛ የሚናገር ወጣት ሰማሁ። አነጋገሩ የወሎ ነው። ሆቴል ሻንጣ ያዥ ነኝ አለ፣ ስሙን አልተናገረም። ቅዳሜ ፓርክ መጥቼ ነበር፣ በሩቁ ዞሬ ልመለስ ስል ጠርተኸኝ፣ በቋንቋዬ ሰላም ስላልከኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም አለህ። አልጋህ ላይ ተቀመጥኩ። ከጓደኞችህ መሃል አማርኛ የሚችል ከየት መጣ?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሥራ ኦፍ ወስጄ ሄድኩ። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ በሣሩ ላይ ስራመድ፣ ከጥዱ ሥር ቢጫ ኮፍያህ ታየኝ። ስምህን ጠራሁት መሰለኝ፣ ሰዎቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ኮፍያውን ያደረገው ሬይ ነው። መልእክቱ አሁንም ቢጫ ኮፍያ ፈልጉ ስለሚል፣ የደወለው ሰው መጥቶ እንዳያጣ በየተራ እናደርገዋለን አለኝ። እፎይ አልኩ። ባለፈው ቅዳሜ ሐበሻውን ያናገረው ማን እንደሆነ ስጠይቀው ግን ግራ ገብቶት አየኝ። ያን ቅዳሜ ነፋሱ ቅርንጫፍ ሲገነጥል ነው የዋለው፣ ማናችንም አልወጣንም፣ ኮፍያውም የእኔ መኪና ውስጥ ነበር አለኝ። አንዲቷ ሴት ድንች ያለበት ሳህን ሰጠችኝ፣ ምኑንም ሳላጣጥም ጨረስኩ። ማን እንዳናገረው አላውቅም፣ አልመረምርምም።

እውነቱን ልንገርህ፣ ወደ ቤት ስመለስ ፍርሃቴ ውስጥ ደስታም ነበረበት። ያ ልጅ “አንድ እንኳ ቢኖርስ” ያልከው ሰው ነበር፣ በአማርኛ የጠራኸው። እዚያ ላይ ብታቆም ኖሮ ደግ አደረግህ ብዬ ዝም እልህ ነበር። አንተ ግን እማዬ ዘንድ ደረስክ።

እማዬ መሞትህን አታውቅም ነበር። የአጎታችንን የጋሼ ከበደን ነገር ታውቃለህ፣ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሰው ሄዶ ዘመድ ተሰብስቦ በጠዋት ነው የሚረዳ፣ ደግሞም ሁዳዴ ገብቷል፣ ከፋሲካ በኋላ ይሆናል ብሎ ቆረጠ። በፊትም ገና ነው፣ ጥምቀት ነው እያለ ነው ያቆየው። ደጉ ልማዳችን ነው፣ የሚደግፋት ሰው ሳይኖር እናት አትረዳም። አዲስ አበባ ካሉት፣ ከእሱ በቀር የምታውቀው ታናሻችን ሳባ ብቻ ናት። እኔም እማዬ በደወለች ቁጥር ኦቨርታይም ገብቷል፣ ተኝቷል፣ ሌላ ከተማ ሄዷል እያልኩ ዋሸሁ። በመጨረሻ ምላሴ አልታዘዝ ሲለኝ ስልኬን ማንሳት ተውኩ። ለካ ያንተንም ቁጥር ሰጥተሃት ኖሯል።

በእኛ ጠዋት በእነሱ ምሽት ትደውላለች። አንተ ታነሳለህ። እንግሊዝኛ አታውቅም፣ ቦውሊንግህንና ቮሊቦልህን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ታዳምጣለች፤ የውጭ ስልክ እንደ ወታደር ሬዲዮ በየተራ የሚያናግር ይመስላታል። “ኑ፣ እጠብቃችኋለሁ” ስትላት እሷ ትቀጥላለች። መጀመሪያ ምርቃት ነበር፣ ሥራ አይብዛብህ፣ ብርድ አይምታህ። አንድ ቀን ግን፣ እሺ ልጄ እመጣለሁ፣ ጉዳዬን እስክጨርስ ትንሽ ታገሠኝ አለችህ። ያንን ሰምቼ ቁርሴን ትቼ ተነሳሁ።

ሳባ ሥራ ቦታዬ ድረስ ደወለችልኝ። እማዬ ዕቃዋን እያደለች ነው፣ ትልቁን ብረት ድስት ለጎረቤት ሰጠች፣ የጆሮ ጉትቻዋን ለእኔ አለች፣ ነፍስ አባቷን አስጠርታ ንስሐ ገባች፣ ነጭ ቀሚሷን አጥባ ሰቅላለች፣ እህል እምብዛም አትቀምስም አለችኝ። ለጠየቃት ሁሉ ብሩኬ ና ብሎኛል፣ እየጠበቀኝ ነው ትላለች። ሳባ ቪዛ ልካችሁላት ነው ወይ አለችኝ። አልላክንም አልኳት። ከኋላዬ ሰዉ ዩኒፎርሙን ስጪኝ እያለ ይጮኻል።

በማግሥቱ ክፍልህ ገብቼ ጠበቅሁ። ስልኩ ጮኸ፣ አንተ ተናገርክ፣ እሷ መጣሁ ልጄ ማለት ስትጀምር አነሳሁት። እማዬ፣ ብሩክ የለም አልኳት። እንደዚያ ነው ያልኳት፣ በደረቁ፣ በጾም፣ በስልክ፣ የሚይዛት ሰው በሌለበት። ይጮኻል ብዬ የጠበቅሁት ድምፅ አልመጣም። መቼ አለችኝ። በመስከረም ማለቂያ አልኳት። ታዲያ ይኼ የሚያናግረኝ ማነው አለች። ማሽን ነው ብዬ አስረዳኋት፤ የሚጠራቸው ጓደኞቹን ነው፣ ቤተሰብ በዓል ሲመጣ የማይጠራቸውን፣ እሱም ከእነሱ አንዱ ነበር አልኳት። ከጀመርኩ አይቀር በሽታህንም ነገርኳት። አንድም አላስቀረሁም ብሩኬ፣ አንተ ልትነግራት የፈራኸውን ሁሉ አወጣሁት።

እማዬም፣ ልጄ ድሮም ሰው መጥራት ይወዳል፣ ላንቺ ነግሮሽ ለእኔ ለምን ደበቀኝ አለችና አለቀሰች። ሁለታችንም ተላቀስን፣ በዚህም በዚያም ሆነን። ልቤ ቀለል ሲለኝ፣ እሺ ለጓደኞቹ ነው ይሁን፣ ትናንትና ግን “እማዬ ነይ እንጂ፣ ምነው ዘገየሽ” ያለኝስ ማነው አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ መልእክትህን ከላይ እስከ ታች ደጋግሜ ሰማሁት። እማዬ የሚል ቃል የለበትም። ነይ የሚልም የለበትም።

ጋሼ ከበደ መርዶ በስልክ ነገረች ብሎ ሰማይ ምድሩን አናወጠብኝ፣ ልጅ አይደለሽም ብሎኛል፤ ይበለኝ። እማዬ ለቅሶ ተቀምጣለች፣ ሰዉም ከቤቷ አልጠፋም። ድስቷን ግን ከጎረቤት አላስመለሰችም። ነጩ ቀሚስም እንደተሰቀለ ነው።

ስለዚህ እማዬን የሚጠራው ድምፅህ እንዲጠፋ በዚህ ሰኞ ቆረጥኩ። ሬይን አስመጣሁት፣ የሳምንቱን ዝግጅት ነገረኝ፣ እኔ አጠናሁት። በርህን ዘጋሁ፣ አንተ እንደምታደርገው ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ። ማክሰኞ ስብሰባው አለ አልኩ፣ ሐሙስ ቦውሊንግ፣ እሑድ ቮሊቦል። ከዚያ፣ በሚመጣው ቅዳሜ ከጥዱ ሥር የወንድሜ የብሩክ ተዝካር ነው፣ ኤድስ ነው የገደለው፣ ጌይ ነበር፣ እንደ እሱ ያለ ሰው የለም አልኩ። ይኸንኑ በአማርኛ ደገምኩት፣ ስሜንም ተናገርኩ። እማማ ጥሩነሽም ቢደውሉ ይስሙት። እንግሊዝኛዬን ብትሰማ ትስቅ ነበር፣ ግን ገባቸው፤ እስከ ማታ ስልኩ አላረፈም። ለቅዳሜ ስንት ድስት ወጥ እንደምሠራ ግራ ገብቶኛል።

ቁልፉን ስለቀው ድምፅህ ሄደ። ከሞትክ ወዲህ እንደዚያ አላለቀስኩም። መልሼ ሰማሁት፣ እኔ ብቻ ነኝ ያለሁበት፣ በስተኋላም ምንም የለም።

ዛሬ ጠዋት እማዬ ደወለች። ተዝካሩን ልነግራት ወደ ክፍልህ ሮጬ ገባሁ፣ ግን ማሽኗ ቀድማኝ አንስታ ነበርና የእኔ ድምፅ እየተናገረ ነው። ድምፄ ሲያበቃ ማሽኗ ጢጥ አለች። እማዬ ትንሽ ጠበቀች፣ ሰው ሲናገር የሚያዳምጥ ሰው እንደሚጠብቅ። እኔ እጄን ስልኩ ላይ አድርጌ አንድ ቃል አልሰማሁም። እሷ ግን ሰምታለች። እሺ ብሩኬ፣ ሰማሁህ አለችና ዘጋችው።

ልመናዬ ይኼ ነው ወንድሜ። በሞቴ ልልህ ስል ደነገጥኩ፣ አፈር ስሆን ልበልህ። እማዬን እንደምትናፍቃት አውቃለሁ። ብቻህን እንደሆንክ፣ የቆምክበት ቦታ ሰው የሌለበት እንደሆነ እፈራለሁ፤ ያኔም ሰው ካልከበበህ እህል አይወርድልህም ነበር። ጓደኞችህን እኔ እየጠራሁልህ ነው፣ አንድም ሳምንት አላስተጓጉልም። የፈራውን፣ የተደበቀውን፣ ያንን የወሎ ልጅ ጨምሬ እጠራቸዋለሁ፣ ምግብ አበላቸዋለሁ፣ ስምህን በአደባባይ እጠራለሁ። ሰኞ ሰኞ ቁልፉን በተጫንኩ ቁጥር አስብሃለሁ። ሰው ሁሉ ቢረሳህ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ስምህን ከጸሎት ቢያወጣው፣ እኔ አልረሳህም።

ካስፈለገህ እኔን ጥራኝ፣ ብመጣም ባልመጣም እሰማሃለሁ። እማዬን ግን አትጥራት። ገና ሞትህን መስማቷ ነው፣ ገና ማንነትህን ማወቋ ነው፤ አንተን የወለደች እናት ሆና ከእኔ ጋር ስላንተ ያወራችው አንድ ጠዋት ብቻ ነው። ጥቂት ለእኔ ተዋት።

እህትህ አልማዝ